የመሪያችን እንግሊዝኛ

መሪያችን የሞተው በታይፎይድ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ የሮክ ባንድ መሪ ሞተ ሲባል ሰው አንድ ትልቅ ነገር ስለሚጠብቅ ነው፤ የመኪና አደጋ፣ የሴት ጣጣ፣ ምንም ከጠፋ መጠጥ። የኛ ሰውዬ ግን ያልፈላ ውሃ ጠጥቶ ሦስት ሳምንት ተኛ፤ እኛም ብርቱካን ገዝተን ዛሬ እንጠይቀው፣ ነገ እንጠይቀው ስንባባል ሞተ። ብርቱካኑን ለቅሶ ቤት ይዘነው ሄድን።

ንጉሡ ያኔ ገና አልጋቸው ላይ ነበሩ። እኛ ደግሞ ኮልፌ ነበርን፤ ሱሪያችን ቤልቦተም፣ ጸጉራችን አፍሮ፣ ዕድሜያችን ሃያን ትንሽ ያለፈ። ባንዱ አራት ሰው ነው። መሪያችን ጊታር ይመታል፣ ይዘፍናል፤ በሥራ ቀን ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ይጠግናል። ቤዝ የሚመታው የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው፤ አባቱ ሐጂ ናቸው፣ እሑድ እሑድ ልጃቸው ታይፕ የሚማር ነበር የሚመስላቸው። ሦስተኛው ቆሎ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ዲቁና ተቀብሎ፣ አኮርዲዮን አይቶ የኮበለለ ጎጃሜ ነው፤ ዲያቆኑ እንለዋለን። እኔ ድራም እመታለሁ። እመታለሁ ስል ሌባ እንደሚመታው ማለቴ ነው።

ባንዱን የመሠረተው እሱ፣ ስም ያወጣለት እሱ፣ ዘፈን የሚመርጠው እሱ፣ መቼ ፈገግ እንደምንል የሚነግረን እሱ። አንዳችን ሐሳብ ካመጣን በጥሞና ያዳምጥና የራሱን ያደርጋል። በአገሩ ያልነበረ ምርጫ ከእኛ ባንድ ከየት ይምጣ? ደግሞ እውነቱን ለመናገር ተመችቶን ነበር፤ የሚያስብልህ ሰው ካለ ማሰብ ምን ይሠራል? እሱም ሲሞት አልጋ ወራሽ ሳይሰይም፣ አንድ ቃል ሳይናዘዝ ሄደ።

ለቅሶው ላይ ድንኳን ውስጥ ጥግ ይዘን ተቀመጥን። የእድሩ ዳኛ መጥተው የሟች ምኑ ናችሁ አሉን። ጓደኞቹ ነን አልን። አፍሯችንን ረጅም ጊዜ ተመለከቱና እግዜር ያጽናችሁ አሉ፤ ለሐዘኑ ይሁን ለጸጉሩ አልገባኝም። ዲያቆኑ አለቀሰ፣ የነጋዴው ልጅ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። ተናድጄበት ነበር። ሰው አራት ሰው ያለበት ባንድ መሥርቶ፣ ሦስቱን ምንም ሳያስተምር ብድግ ብሎ ይሞታል? በጣም ነው የተናደድኩበት፤ ደግሞ እወደው ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መሃል ከተማ አንድ የዳንስ አዳራሽ ለተማሪዎች ይከፈት ነበር። እዚያ የምንጫወተው እኛ ነን። የአዳራሹ ባለቤት እስከ አርባው ታገሠን፤ ጨዋ ሰው ነው። ከአርባው በኋላ ግን ጠራንና፣ ሦስት ሳምንት እሰጣችኋለሁ፣ ያቺን የመጀመሪያዋን ዘፈን መዝፈን የምትችሉ ከሆነ ኑ፣ ካልሆነ ሌላ ባንድ አስገባለሁ አለን። ያቺ የመጀመሪያዋ ዘፈን መሪያችን ከራዲዮ ሰማኋት ያላት የእንግሊዝኛ ዘፈን ናት። እሷ ስትጀመር ልጃገረዶቹ ወንበራቸውን ትተው ይነሱ ነበር። እኛንስ ቢሆን በኮልፌ ሰው ያደረገን ማን ሆነና፤ እሷው ናት።

ልምምዳችን እሑድ እሑድ እሱ የሚሠራበት ጋራዥ ውስጥ ነበር። የጋራዡ ጌታ ቁልፉን አልነፈገንም። ሦስታችን ተሰበሰብንና እንጀምር ተባባልን፤ መጀመር አቃተን። ሁልጊዜ ዋን፣ ቱ፣ ስሪ፣ ፎር ብሎ የሚያስጀምረን እሱ ነበራ! ማን ይቁጠር? ኧረ አንተ ቁጠር፣ ኧረ በሞቴ፣ አንተ እያለህማ አይሆንም። ሦስታችንም መቁጠር እየፈለግን ሦስታችንም ተግደረደርን። በኋላ ሦስታችንም እኩል ቆጠርን። እኔ በእንግሊዝኛ፤ የነጋዴው ልጅ አባቱ ጨርቅ ሲለኩ በሚቆጥሩበት በጣሊያንኛ፤ ዲያቆኑ በግዕዝ። እሱ አሐዱ፣ ክልኤቱ ሲል እኔ ፎር ደርሼ ጀምሬያለሁ። ከዚያ የወጣውን ድምፅ አልገልጸውም። ብቻ ሙታን ይሰማሉ የሚባለው ውሸት እንዲሆን ተመኘሁ።

የባሰው ደግሞ ጊታር የለንም። ያለችው የእሱ አንዲት ናት፤ እሷም እናቱ ቤት ናት፤ ለማንም አያምናትም ነበር፣ ሁልጊዜ ቤቱ ይወስዳታል። እናቱ ከሆለታ በኩል መጥተው ኮልፌ የሰፈሩ ቅቤ ነጋዴ ናቸው። ባላቸው ቀድሞ ሞቷል፤ ከእሱ በቀር ልጅ የላቸውም። ቤታቸው መብራት አልገባም። የኤሌክትሪክ ጊታር ያለ መብራት ምን እንደሚል የማያውቅ ካለ ልንገረው፤ ምንም አይልም። ክሩ ብቻ እንደ ዝንብ ጥዝ ይላል። ልጃቸው ጥግ ተቀምጦ ያንን ሲነካካ እያዩ፣ ሙያው ጥገና ነውና የሚጠግን ይመስላቸው ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ያልተጠገነ ዕቃ! ዘፋኝ መሆኑን ሰው ነው የነገራቸው፤ ሲዘፍን ግን አንድም ቀን ሰምተውት አያውቁም።

እንግዲህ ከል የለበሱ እናት ዘንድ ሄዶ፣ የልጅዎን ጊታር ይስጡን፣ ቅዳሜ ጭፈራ አለብን የሚል ማን ነው? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ተማክረን ሽማግሌ ላክን። ከባድ ነገር ሲጠየቅ ሽማግሌ ይላካል፤ ለጊታር ግን እስከማውቀው የመጀመሪያዎቹ እኛ ነን። የላክናቸው ሦስት ናቸው፤ የእድሩ ዳኛ፣ የእናቱ የነፍስ አባት፣ የነጋዴው ልጅ አባት ሐጂው። ሐጂውን ለመላክ በመጀመሪያ የታይፑ ነገር ውሸት መሆኑን መናዘዝ ነበረብን። ልጃቸውን አንድ ቀን ሙሉ ተቆጥተው፣ የሞተ ሰው ነገር ነው ብለው እሺ አሉ። ሦስቱም ሙዚቃችንን አይወዱም፤ ሦስቱም ሄዱ። የኮልፌ ሰው እንዲህ ነው፤ የምትሠራውን ይጠላልሃል፣ ሽማግሌ ሁን ካልከው ግን አይቀርብህም።

እኛ ከአጥሩ ውጭ ቆመን አዳመጥን። ተቀመጡ ተባሉ፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ፣ እንደ ወጉ። የእድሩ ዳኛ በሕይወታቸው ሽማግሌ የሆኑት ለጋብቻ ብቻ ነውና አፋቸው የለመደውን ያዘ። ለልጆቻችን እንድትሰጡልን ብለን፣ በክብር ይዘን፣ ለወግ ለማዕረግ ልናበቃት ነው የመጣነው ሲሉ ሰማን። ዲያቆኑ ነጠላውን አፉ ውስጥ ጎሰረ። የነፍስ አባትየው ጣልቃ ገብተው፣ የምንላት ያቺን የሙዚቃ ዕቃ ነው ብለው አስተካከሉ።

ከዚያ እናቱ ተናገሩ።

"ልጄ ምን ይል እንደነበረ እኔ አንድ ቀን አልሰማሁም። አገሩ ሁሉ ሰምቶታል፣ እኔ አልሰማሁም። መጀመሪያ ያሰሙኝ። ከሰጠሁ ያኔ እሰጣለሁ፤ ካልሰጠሁ ከእኔው ጋር ትቀበራለች።"

ሽማግሌዎቹ ይህን ይዘው ወጡ። የባንዱ ነገር በእኚህ በቅቤ ነጋዴዋ ጆሮ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ከወደዱት ጊታር አለን፣ ቅዳሜም አለን። ካልወደዱት የነጋዴው ልጅ ሱቅ ይገባል፣ ዲያቆኑ ንስሐ ይገባል፣ እኔ የምገባበት አልታየኝም።

አሁን የሚዘፍን ሰው ተፈለገ። የነጋዴው ልጅ ድምፅ የለውም። ዲያቆኑ ድምፅ አለው፤ ግን የሮክ ዘፈን ስትሰጠው ዜማ ያወጣለታል፣ ሰው ጫማውን ያወልቃል። ደግሞ የጊታሩን የጣት አጣጣል ከመሪያችን ትንሽ የቀሰመው እሱ ብቻ ነበርና ጊታር ላይ ተመደበ። የዘፈኖቹ ግጥም ያለው መሪያችን በጋራዡ የመፍቻ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠው በነበረ አንድ ደብተር ላይ ነው። ከራዲዮ እየሰማ፣ እንግሊዝኛውን በእኛው ፊደል ጽፎታል። ጽሑፉ የዶሮ ጭረት ነው፤ ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ነኝ። በዚህ ምክንያት ዘፋኝ ሆንኩ። ችሎታ እንዳይመስላችሁ።

የነጋዴው ልጅ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ የተማረ ሰው ነው። ደብተሩን አንብቤ ሳሰማው ይህ እንግሊዝኛ አይደለም ብሎ ድርቅ አለ። ነው፣ አይደለም ተባባልን። በመጨረሻ ድሮ ያስተማረው አንድ አሜሪካዊ መምህር ዘንድ ሄድን። እኔ እያነበብኩ ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። ብዙዎቹን ዘፈኖች እየተቸገረ አወቃቸው፤ አንዱን ሲያውቀው ሳቅ አምልጦት ይቅርታ ጠየቀ። ያቺ የመጀመሪያዋ ዘፈን ላይ ስንደርስ ግን ዓይኑን ገለጠ። ኦ ቤቢ የሚለው እንግሊዝኛ ነው አለ። ይህንንማ እኛም ጠርጥረን ነበር። ቀጥሎ ያለውን ሦስቴ አስደገመኝ። ካሩ ማናጋሊ፣ ቦርኒ ታፓታ። ካሩ ማናጋሊ፣ ቦርኒ ታፓታ። ዘፈኗን በጭራሽ ሰምቷት እንደማያውቅ ነገረን፤ ቅር እንዳይለን ነው መሰለኝ፣ ምናልባት የስኮትላንድ ሰዎች እንዲህ ሊናገሩ ይችላሉ አለ።

በሰይቼንቶ ታክሲ ተጨናንቀን ስንመለስ ተጣላን። የነጋዴው ልጅ ያችን መስመር አውጥተን በጤነኛ እንግሊዝኛ እንተካት፣ ፈረንጁ ይጽፍልናል አለ። እኔ ግራ ገባኝ። ዲያቆኑ ብቻ አልደነቀውም። እሱ እኮ ልጅነቱን ያሳለፈው የማይገባውን ሲያዜም ነው።

"ንባቡን ጠብቅ" አለኝ። "መጀመሪያ ንባብ ነው። ትርጓሜው በኋላ ይመጣል።"

እኛም ጠበቅን። የስኮትላንድን እንግሊዝኛ አንዲት ፊደል ሳናጎድል ሸመደድኩት።

እሑድ ከሰዓት እናቱ ጋራዡ መጡ። ጊታሯን በነጠላ ጠቅልለው ራሳቸው ተሸክመዋት ነበር፤ ሐጂው ልያዝልዎ ቢሉ እምቢ አሉ። ሽማግሌዎቹም ተያይዘው መጥተዋል፤ ዋሶቹ እነሱ ናቸው። ከአንድ አሮጌ መኪና የተነቀለ ወንበር አቅርበን አስቀመጥናቸው። ዲያቆኑ ጊታሯን ከመብራቱ ጋር አገናኝቶ ክሩን ነካ ሲያደርጋት ጋራዡ በሙሉ ጮኸ። ሁለቱ ሽማግሌዎች አማተቡ፣ ሐጂው ቢስሚላህ አሉ። እናቱ ግን አልደነገጡም። ጊታሯን ብቻ አዩዋት። እንዲህ ነበር ወይ የምትለው፣ የሚል ፊት ነው ያየሁባቸው።

ጀመርኩ። ኦ ቤቢን አለፍኩ። ካሩ ማናጋሊ ላይ ስደርስ ምላሴን እንደ መሪያችን ጠቅልዬ፣ በአፍንጫዬ አድርጌ፣ አሜሪካዊ ሆኜ ዘፈንኩት። እናቱ ቀና አሉ።

"እሱን ድገመው" አሉኝ።

ደገምኩት። ደስ አላቸው ብዬ ጨምሬ አሳመርኩት።

"አታሳምረው። ቀስ ብለህ በለው።"

ሙዚቃው ቆመ። ቀስ ብዬ፣ ደብተር እንደሚያነብ ተማሪ አልኩት። እሳቸውም ከንፈራቸው አብሮኝ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ በራሳቸው አፍ፣ ያለ አፍንጫ፣ ያለ ስኮትላንድ አሉት።

"ኮቱ፣ መነ ገሊ። ቦሩ ኒ ተጰታ።"

እሳቸው ወደ አማርኛ መለሱልን። ና፣ ቤት ግባ፤ ነገ ትጫወታለህ ማለት ነው። ልጅ ሆኖ ሜዳ ላይ ኳስ ሲጫወት ሲመሽ በር ላይ ቆመው እንዲህ እያሉ ይጠሩት ነበር። እሱ ግን ጓደኞቹ ፊት በኦሮምኛ ስለተጠራ ያፍር ነበር፤ አማርኛ ተናገሪ እያለ ይጮህባቸው ነበር። በኋላ መጣራቱን ተዉት። ይህንን ሲነግሩን ድምፃቸው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የእኛ ፊት ነው።

ኮቱን እኮ ማንኛውም የኮልፌ ልጅ ያውቀዋል! ጎረቤታችን ሁሉ ሲጠራራ የምንሰማው ነው። በአሜሪካ አፍ ካሩ ስለሆነ አላወቅነውም። በቅሎን አባትህ ማን ነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ ይባላል፤ የኛ ዘመን በበቅሎ የተሞላ ነበር። ሦስታችንም የእናታችንን ቋንቋ ወይም የእናታችንን አነጋገር ቤት አስቀምጠን፣ የማናውቀውን እንግሊዝኛ ለብሰን የምንወጣ ሰዎች ነበርን። እሱ ግን፣ መሪያችን፣ ያፈረበትን ጥሪ ዘፈን አድርጎ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው እያስጨፈረበት ኖሯል። ሰው ሳያውቅበት። እኛ ሳናውቅበት። ያኔ ነው ያለቀስኩት፤ ድራሙ ላይ ተደፍቼ፣ ሽማግሌ ፊት፣ ያለ ምንም ኀፍረት።

እናቱ አላባበሉኝም። ስጨርስ አነጋገርህ መጥፎ ነው አሉኝና ማስተማር ጀመሩ። መሪ አጣን ስንል ይኸው መሪ ተገኘልን። ገሊን ላላ አድርጌ እንድል አስደገሙኝ። ተጰታ ላይ ያለውን ጰ ስስተው ተቆጡኝ። ጰራቅሊጦስ በሚለው ጰ ነው ብሎ ዲያቆኑ ረዳኝ፤ የተማረው ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ ባንዱን ጠቀመ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ አብረው ሲሉት ነበር።

ሊሄዱ ሲነሱ ጊታሯን አልጠቀለሏትም።

"ውሰዷት" አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። "ግን ስትዘፍነው የማን ቋንቋ እንደሆነ ለሰዉ ንገር። እሱ ደብቆኛል። አንተ አትደብቀኝ።"

እነግራለሁ አልኩ። ማልኩ።

ሳምንቱን ሙሉ የምናገረውን ዓረፍተ ነገር አጠናሁ። አጭር ነው፤ ይህች ዘፈን የጓደኛችን ናት፣ ቃሉ ኦሮምኛ ነው፣ እናቱ የሚጠሩበት ነው። ቅዳሜ ደረሰ። አዳራሹ ሞልቷል። ድራሜ አጠገብ የተተከለው ማይክሮፎን ፊት ተቀመጥኩ። ከፊት ያሉት ልጃገረዶች ቀና ብለው ያዩኛል፤ አንዲቷ ቦርሳዋን ወንበር ላይ አስቀምጣ ለመነሳት ተዘጋጅታለች። ከኋላ አንዱ፣ እንግሊዝኛዋን አምጣት አለ። ሰዉ ሳቀ። አፌን ከፈትኩ።

"አሁን የምንጫወትላችሁ" አልኩ፣ "የእንግሊዝኛ ዘፈን ነው።"

ዲያቆኑ ዞር ብሎ አየኝ። እኔ ግን ቆጠርኩ፤ ዋን፣ ቱ፣ ስሪ፣ ፎር። ሦስታችንም እኩል ጀመርን። ቃሉን እሳቸው እንዳስተማሩኝ አልኩት፤ ገሊን አላላሁ፣ ጰውን ጠበቅሁ። ልጃገረዶቹ ተነሱ። ሲያልቅ ጭብጨባው አልቆም አለ። የአዳራሹ ባለቤት ትከሻዬን መታ አድርጎ ከዛሬ ጀምሮ ቅዳሜ የእናንተው ነው አለ። ቀጥሎም፣ ነፍሱን ይማርና፣ እንግሊዝኛህ ከእሱ ይሻላል አለኝ። አመሰግናለሁ አልኩት። እውነቴን ነው፤ አመሰግናለሁ አልኩት።

በማግስቱ እናቱ ቤት ሄድኩ። ባልሄድ ይሻል ነበር፤ ግን ጠርተውኛል። ደጅ ላይ ተቀምጠው ቅቤ በኮባ ይጠቀልላሉ። ገና ሳልቀመጥ ጠየቁኝ።

"ነገርካቸው?"

"ነገርኳቸው።"

"ምን አሉ?"

"አጨበጨቡ" አልኩ። ካልኩት ሁሉ እውነት የነበረው ይህ ብቻ ነው።

እጃቸው ቆመ። በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ። ከልጃቸው ሞት በኋላ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው።

"እንግዲያ ልጄ ቤቱ ገባ" አሉ።

ከዚያ ከተጠቀለለው ቅቤ ትልቁን መርጠው፣ ለእናትህ ብለው ሰጡኝ። አመስግኜ ተቀበልኩና ወጣሁ። ቀኑ እሑድ ነበር፤ ውሸቴን እውነት ለማድረግ እስከ ቅዳሜ ስድስት ቀን ነበረኝ።